የይታይሽ አዲስ ሸክላ

ማክሰኞ፣ የጥቅምት ሚካኤል

«መርፌው ተሰብሯል» አለችኝ አስካለ። የምን መርፌ አልኋት። የግራሞፎኑ መርፌ፣ ሸክላው ላይ የሚሄደው። ትናንት ማታ እኮ ሲዘፍን አመሸ አሉ አልኋት። ዛሬ ጠዋት ነው የተሰበረ አለች። ስትናገር ዓይኔን አላየችም። ብርጭቆ ትወለውላለች፤ የወለወለችውን መልሳ ትወለውላለች። የቡና ቤት ሴት ሆና ዓይን አፋር ስትሆን ዛሬ ገና አየሁ።

ይህን የማስጽፈው እኔ ቢተው ነኝ። ፊደል አልቆጠርሁም፣ አላፍርበትምም። የሚጽፈው ጎረቤቴ መሪጌታ ላቀው ነው፤ ዜማ ሲያስተምር ያረጀ ሰው ነው። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል። አታሳምረው፣ ከአፌ እንደወጣ አስቀምጠው ብየዋለሁ። ምነው አሁን መጻፍ አማረህ አለኝ። ልጄ ከስንት ዘመን ዝምታ በኋላ ዘፈነች፤ ይህን ሰሞን ነገ ሰው የራሱን እየጨመረ ያወራዋል፣ የኔ እንደኔ ይቀመጥ አልሁት።

ልጄ ይታይሽ ናት። አዲስ አበባ ነው የምትኖር። ጎንደር ላይ ይታይሽ ቢተውን የማያውቅ ካለ ትናንት የተወለደ ነው። ግጥሙንም ዜማውንም ራሷ ታወጣዋለች፤ እንደሌሎቹ ሰው አዘጋጅቶ አያጎርሳትም። ማሲንቆ የለመደች ከኔ ጉልበት ሥር ተቀምጣ ነው። በኋላ አኮርዲዮን የሚጫወት ባል አገባች። እኔ ሳጥን ጎታች ነበር የምለው። ሰውየው ግን ሸጋ ሰው ነበር፣ አልዋሽም። መኪና ተገልብጦበት ሞተ። ከዚያ ወዲህ አፏን ዘጋች። ራዲዮ ላይ የለችም፣ ሰርግ ላይ የለችም፣ ባለሥልጣን ሲጠራት አሞኛል ነው። እኔ ስሄድ እግሬን አጥባ፣ አልጋዋን ለቃልኝ፣ አብልታ አጠጥታ ትሸኘኛለች። ዝፈኚ እንጂ ስላት «ሲመጣ ይመጣል አባየ» ትለኛለች። ሌላ መልስ የላት።

አሁን መጣ። አንድ ሾፌር ነው ሸክላውን ከአዲስ አበባ ይዞት የመጣ። ልብስ ሰፊው ሰምቶታል። ሉካንዳው ሰምቶታል። የአስካለ አሽከር ሳይቀር እያፏጨ ይጠርጋል አሉ። እኔ አባቷ ጉልበቴ አሞኝ ተኝቼ ሰነበትሁ። ዛሬ ምርኩዜን ይዤ፣ የታጠበ ነጠላየን ለብሼ ፒያሳ ወጣሁ። መርፌው ተሰብሯል።

መርፌ ከአሥመራ እስኪመጣ አልጠብቅም። ነገ ሌላ ቤት እሄዳለሁ።

ረቡዕ፣ በማግስቱ

ሁለት ቤት ሄድሁ። አንደኛው ሸክላው ተሰነጠቀ አለኝ። ሁለተኛው አበድሬው ጠፋ አለኝ። ውሸታም ሁላ።

ግን ዛሬ የተከበርሁትን ክብር ላስጽፍ። ቡና ቤት ስገባ የተቀመጠው ሁሉ ተነሣ። ሁሉም! ወንበር የሚስብልኝ ሌላ፣ ምርኩዜን የሚቀበለኝ ሌላ። ጠጅ ቀርቦልኝ ረቡዕ ነው ብየ መለስሁት፤ እንኳን መለሱ ብለው አመሰገኑኝ። ከፈተ የሚባለው ሉካንዳ ነጋዴ በየቀኑ ሲያየኝ «አያ ቢተው፣ ገና ነህ እንዴ? አፈሩ አንተን መጠበቅ ሰለቸው እኮ!» እያለ ነበር የሚያላግጥብኝ። እኔም እሱን ሥጋህ እንዳንተ ጅማት ነው እለዋለሁ። ዛሬ ቆቡን አወለቀ። «እንደምን ዋሉ አባቴ» አለኝ። አንቱ! ሰው ልጅ ወልዶ፣ ልጁ ስትዘፍን እንዲህ ነው የሚከበር አልሁ በልቤ። ከፒያሳ እስከ ቅዳሜ ገበያ ደረቴን ነፍቼ ወረድሁ። ጉልበቴ ራሱ አልተሰማኝም።

አንድ ነገር ብቻ ደስ አላለኝም። ቧንቧው ዘንድ ሴቶች እንስራ ይዘው ተራ ይጠብቃሉ፤ አንዷ ታንጎራጉራለች። የማላውቀው ዜማ ነው፣ አመላለሱ ግን የኛ ነው፤ የይታይሽ ነው አልሁ። ጠጋ ስል ጓደኛዋ በክርኗ ጎሰመቻት። ዝም አለች። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ቀጥይ እንጂ አንች ልጅ፣ አባቷ እኮ ነኝ አልኋት። እንስራዋን ሳትሞላ ሄደች።

ማታ እህቴ ብርቄ ሽሮ ይዛ መጣች። ብርቄ የጎረቤት ዶሮ በጓሯ ካለፈ የምትሳደብ ሴት ናት። ዛሬ ጸጥ ብላ ተቀምጣ አጎረሰችኝ። ነጠላህ ለምን ቆሸሸ አላለች፣ ቤትህ ለምን አልተጠረገ አላለች። ታመሽ ወይ አልኋት። ጉንፋን ነው አለችኝ። ዓይኗ ቀልቷል።

ሐሙስ

ዛሬ ገባኝ።

የሰንበቴ ማኅበራችን ሙሴ ጠዋት መጣ። እኛ የማኅበሩን አለቃ ሙሴ ነው የምንለው። በር ላይ ቆመ፣ ግባ ብለው አልገባም አለ። ስለ ጉልበቴ ጠየቀኝ። ስለ ብርዱ አወራ። ከዚያ ሊሄድ ዞር ካለ በኋላ፣ ነገሩ አሁን ትዝ እንዳለው ሁሉ፣ «እሑድ ጠዋት ቤት አለህ አይደል?» አለኝ።

እኔ ይህችን ጥያቄ አውቃታለሁ። ራሴ ጠይቄያታለሁ፣ በዚያው ድምፅ፣ ዞር ካልሁ በኋላ። ማኅበሩ መርዶ ሲያረዳ ከፊት የሚቆም እኔ ነበርሁ፤ ድምፅህ አይንቀጠቀጥም እያሉ ይዘውኝ ይሄዳሉ። አሠራሩን አውቀዋለሁ። ሰው ሩቅ አገር ሲሞት ወዲያው አይነገርም። ወሬው መጀመሪያ ለዘመድና ለጎረቤት በሹክሹክታ ይነገራል። ዘመዱ ሐዘንተኛው በደንብ እንዲበላ ያደርጋል፣ ከልቅሶው በፊት አቅም እንዲኖረው። ዘፈን ከፊቱ ይነሣል፣ በኋላ ሰው ሞቶበት ዘፈን ሲሰማ ነበር እንዳይባል። ከዚያ ቀን ይቆረጣል፤ ቤት መኖሩ ይጠየቃል፤ በማለዳ ተሰብስበው ይመጣሉ።

ሙሴው እስኪርቅ ቆሜ አየሁት። ከዚያ የማክሰኞው መርፌ፣ የረቡዑ ወንበር፣ የከፈተ ቆብ፣ የብርቄ ዓይን፣ ሁሉም ተራ በተራ መጡልኝ። እኔ ጅሉ ደረቴን ነፍቼ ከተማ አዞርሁት።

ሩቅ አገር ያለኝ አንድ ሰው ነው።

ከሰዓት መሪጌታ ሊጽፍ መጣ። ጻፍ አልሁት፣ ዛሬ ገባኝ ብለህ ጀምር። ብዕሩ ቀለም ውስጥ ቀረ። ሙሴው ምን እንዳለኝ ነገርሁት። ሊናገር አፉን ከፈተ። ዝም በል አልሁት። ስሟን እንዳትጠራ። ከማኅበሩ ጋራ መጥተህ እሑድ ትናገራለህ፤ ዛሬ ጻፍ ብቻ። ጢሙ እየረጠበ ነው የሚጽፈው፤ ይህንንም ጻፍ።

እሑድ ከተነገረ በኋላ ዓመት ሙሉ ዘፈን በደጄ አያልፍም። ማሲንቆየም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትሰቀላለች። የአገራችን ደንብ ነው፣ እኔም በሌላው ላይ ሳስከብረው የኖርሁት ነው፣ አልሽረውም። ዓመቱ እስኪያልቅ ደግሞ የምቆይ አይመስለኝም። ልጄ ስንት ዘመን ዝም ብላ ቆይታ አንድ ጊዜ አፏን ከፈተች። እሱን ሳልሰማ መርዶ አልቀበልም።

እስከ እሑድ ይታይሽ በሕይወት ናት። እኔን ማንም ምንም አልነገረኝም።

ዓርብ

ከመሪጌታ ጋራ ተጣላን፣ ታረቅን።

ጎንደር ላይ ሸክላውን ማንም አያሰማኝም። የማያውቀኝ ቤት የለም፤ በዚህ ከተማ ያልተጫወትሁበት ሰርግ የለምና። ስለዚህ አምባ ጊዮርጊስ እሄዳለሁ አልሁት። ነገ የገበያ ቀን ነው፤ ግራሞፎን ያለው ቡና ቤት አለ ይላሉ፤ ወጣቶቹም አያውቁኝም። ጠዋት በአውቶቡስ ወጥቼ ከሰዓት እመለሳለሁ።

«እያወቅህ?» አለኝ።

ምኑን እያወቅሁ? ማን ነገረኝ?

«እኔን አታሞኘኝ ቢተው። ብርቄ ብታውቅ ምን ትላለች? እግዜርስ?»

ለእግዜር እኔ እነግረዋለሁ፣ ለብርቄ አንተ እንዳትነግር አልሁት። ተናደደ። ቀለሙን ዘግቶ ተነሣ። በሩ ዘንድ ቆመ። ከዚያ ሳይዞር አንድ ነገር ነገረኝ። ብርቄ መርዶው ነገ ቅዳሜ ጠዋት ይነገረው እያለች ማኅበሩን ወጥራ ይዛለች፤ ወንድሜን እያየሁ መደበቅ አቃተኝ ብላ ታለቅሳለች። ዛሬ ማታ ይወስናሉ።

ነገ ጠዋት ከመጡ አለቀ።

መሪጌታ ሆይ፣ አንተ ሂድና እሑድ ይሁን በላቸው፤ ነገ ኪዳነ ምሕረት ናት፣ በበዓሏ አይሆንም በላቸው አልሁት። የተማረ ሰው ነህ ይሰሙሃል። ወጣ። አሁን ተመልሶ ነው ይህን የሚጽፍልኝ። እሑድ ሆኗል። ተመስገን። እንዴት አሳመንሃቸው አልሁት። «ዋሸሁ» አለ። ነገም አብሬህ እሄዳለሁ አለኝ። አንተ? ቡና ቤት? አልሁት። «ደጅ እቆማለሁ።»

ዛሬ ቀኑን ሙሉ የማስበው አንድ ነገር ነው። ይታይሽን ትንፋሽ አስተምራት የነበረው ወደ ቁስቋም በሚወስደው ዳገት ላይ ነው። እየወጣን አንዱን ስንኝ እስከ ዳር ባንድ ትንፋሽ ዝለቂ እላታለሁ። መሃሉ ላይ ከተነፈሰች ከታች እንጀምራለን። እያለከለከች ትሰድበኛለች፣ በሆዷ። በኋላ ግን ሁለቱን ስንኝ ባንድ ትንፋሽ ትዘልቀው ጀመር። እኔም አልችለው ያንን። በሆዴ ኮራሁ፣ በአፌ ግን ደህና ነው ብቻ አልኋት።

ደህና ነው ብቻ።

ቅዳሜ፣ ኪዳነ ምሕረት

ከአምባ ጊዮርጊስ አሁን ገባን። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። መሪጌታን ደክሞኛል አትበለኝ፣ ዛሬውኑ ጻፍ ብየዋለሁ።

ከቅዳሴ በኋላ ነው የተሳፈርን። አውቶቡሱ ዶሮም ሰውም ጭኗል። መሪጌታ ጥምጥሙን ፈትቶ ጋቢው ውስጥ ደበቀው። መላጣው ብርድ መታው፤ ወገራ ላይ ጥቅምት አይቀለድበትም፣ ጥላ ያለበት ሣር ሁሉ እስከ ረፋድ ነጭ ነው። ምነው እንደ ሌባ ሆንህ አልሁት። መንገዱን ሙሉ ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ዳዊት ይደግም ይሆናል።

ቡና ቤቱ ከገበያው አጠገብ ነው፣ ቆርቆሮ ነው። ባለቤቱ ገና ጎረምሳ፣ ጸጉሩን ያበጠረ። ገበሬው በግ ሽጦ አረቄ ይጠጣል። ገብቼ ተቀመጥሁ። መሪጌታ ደጅ ቆመ። ጥቂት ቆይቶ ብርዱ አስገባው።

የይታይሽ ቢተው አዲሱ አላችሁ አልሁት ልጁን።

«ኧረ አለን አባቴ! እሷን የሌለው ቡና ቤት ይባላል እንዴ?» አለኝ።

የመርዶው ወሬ እዚያ አልደረሰም። አውጥቶ አሳየኝ። ጥቁር ነው፣ ክብ ነው፣ ከእንጀራ ያንሳል። ጣቴን አሳርፌበት ነበር፤ እንዳትነካው አባቴ ይጫራል አለኝ። መሃሉ ላይ ስሟ ተጽፏል፤ የትኛው ነው ብየ መሪጌታን ጠየቅሁት። አሳየኝ። አየሁት።

ከዚያ ዘፈነች።

እኔ እንጉርጉሮ ነበር የጠበቅሁት። ባሏን ያጣች ሴት፣ ዘመን ሙሉ የተዘጋች፣ ምን ትዘፍናለች? የጭፈራ ዘፈን ነው! የሰርግ ቤት ድምቀት የመሰለ። አኮርዲዮን የለም፣ ማሲንቆ ነው፣ ጭብጨባ ነው። ማሲንቆ የሚመታው ማን እንደሆነ አላውቅም፣ እጁ ፈሪ ነው፤ እሷ ግን ጎትታ ትወስደዋለች።

አገርህ ደጋ ነው ውርጭ ነው ማለዳው፣
ጋቢ ብታካፍል ማንን ነው ሚጎዳው።

ገበሬዎቹ ጮኹ። አንዱ ጋቢውን ገልጦ ለጓደኛው ግባ አለው። ሳቅ ሆነ። ከዚያ ቀጠለች፤

መጣሁ ስልህ ቆየሁ ቆየሁ ስልህ መጣሁ፣
ሳትሰማኝ ገብቼ ሳትሰማኝ ወጣሁ።

እዚህ ላይ ሰማሁት። ሳትሰማኝ ገብቼ ብላ ተነፈሰች። ስንኙ መሃል። ትንሽ ናት፣ ሌላ ሰው አይሰማትም፣ ጭብጨባው ይሸፍናታል። በዙሩ ስትመለስ ደግሞ ያው ቦታ ላይ፣ ከበፊቱ ረዘም አድርጋ። ሁለት ስንኝ ባንድ ትንፋሽ የምትዘልቅ ልጅ ግማሽ ስንኝ አልደረሰላትም። ያን ጊዜ ሳንባዋ ነው አልሁ። ስትዘፍነው ታማ ነበር። ታማ ነው የጭፈራ ዘፈን የዘፈነችው። እኔን ማን ነገረህ እንዳትሉኝ፤ እኔ ነኝ ያስተማርኋት።

ሲያልቅ ድገመው አልሁት። ደገመው። በሁለተኛው ገበሬዎቹ ተነሡ፣ ትከሻቸውን ይነቀንቁት ጀመር። እኔም ተነሣሁ።

ጻፍ መሪጌታ። ተነሣሁ። ምርኩዜን ጠረጴዛው ላይ ጥየ፣ ነጠላየን ወገቤ ላይ አሥሬ፣ እስክስታ ወረድሁ። ጉልበቴ እምቢ አለ፤ ትከሻየ ግን የድሮው ነው። ወጣቶቹ ዙሪያየን ከበው አጨበጨቡ። «ሽማግሌው! ሽማግሌው!» ይላሉ። «አያ፣ የት ነበርህ እስካሁን!» አለኝ አንዱ። የማን ዘፈን እንደሆነ አውቃለሁ፣ እያወቅሁ ጨፈርሁ። ልጄ ዘፍና አባቷ ተቀምጦ አይሰማም። ዛሬ ማንም ምንም አልነገረኝም፤ ዛሬ ዘፋኝ ልጅ ያለችኝ ሰው ነኝ።

መሪጌታ ጥጉ ላይ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ ነበር። አንድ የሰከረ ገበሬ እግሩ ሥር ተንበርክኮ «አባ ይፍቱኝ፣ በበዓሉ ቀን ጠጥቻለሁ» ይለዋል። ቄስ አይደለሁም ይለዋል እሱ። «ታዲያ ለምን ያለቅሳሉ? በኔ ኃጢአት አይደለም?» ይለዋል ሰካራሙ። እየጨፈርሁ ሳቄ መጣ። ሳቁም ሌላውም አብሮ መጣና ተቀመጥሁ።

ልጁ ሌላውን ፊት ላዙርልዎ አለኝ። ምንድን ነው አልሁት። እንጉርጉሮ ነው አለኝ። ይቅር አልሁት። ለማልቀስ ነገ አለኝ። ይችኑ አንድ ጊዜ ድገማት።

ስንወጣ በሩ ላይ አንድ ሰው ተገትሯል። ከጎንደር የመጣ እህል ነጋዴ ነው፣ ያውቀኛል፣ የብርቄ ጎረቤት ነው። ፊቱ አመድ መስሏል። ሰላም አልሁት።

ማክሰኞ፣ ገብርኤል

እሑድ መጡ። ከተነገረኝ ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው፤ ለቀስተኛው ስለቀለለ መሪጌታን ጥራልኝ አልሁ።

ከመምጣታቸው በፊት ተነሥቼ ግቢውን ጠረግሁ። የሚቀመጡበት መደብ ላይ አጎዛ አነጠፍሁ። በሩን ከፍቼ ተቀመጥሁ። ብርቄ ከኋላ ናት፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ። ሙሴው ከፊት ነው፣ መሪጌታ ከጎኑ። እንዲናገር የተመረጠው መሪጌታ ነበር። ጉሮሮውን ጠረገ። አሁንም ጠረገ። ያ ድጓ ሲያዜም ቅጥር የሚያናጋ ሰው ድምፅ አጣ። ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። እኔ ነኝ ያገዝሁት። በል ላቀው፣ ተናገር አልሁት።

«ይታይሽ አርፋለች» አለ።

የማውቀው መስሎኝ ነበር። ከሐሙስ ጀምሮ ያለቀስሁት፣ አምባ ጊዮርጊስ የሰማሁት፣ ሁሉም ምንም ነው። ስሟ ሲጠራ አንድ ሰው ጮኸ። የጮህሁት እኔ መሆኔን ያወቅሁ በኋላ ነው። ያዙኝ። ፊቴን ልቧጥጥ ስል እጄን ያዙኝ፤ እኔ ስንቱን ሰው እጁን ይዤ እንደነበር ያን ጊዜ አሰብሁ፣ መያዙ እንዲህ እንደሚያበሽቅ አላውቅም ነበር።

ሳንባዋ ነው አሉ። ሸክላውን ቀድታ ሆስፒታል ገባች፣ አልወጣችም። እዚያው ቀብረዋታል። ለምን አላስጠራችኝም ብየ ጠየቅሁ። አባየ ዘፈኑን ይስማ፣ ከዚያ እመጣለሁ ትል ነበር አሉ። ሰው ለማጽናናት እንዲህ ያለ ነገር ይፈጥራል፣ እኔም ፈጥሬ አውቃለሁ። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም።

ማሲንቆየን ብርቄ ወደ ግድግዳ አዞረቻት።

ሐሙስ፣ ማርያም

እህል ነጋዴው ተናገረ።

ብርቄ ገብታ በሩን ዘጋች። ለቀስተኛ አልነበረም፣ መሪጌታ ብቻ ነበር። «ጨፍረሃል?» አለችኝ። «ልጅህ አፈር ገብታ አንተ አምባ ጊዮርጊስ ሄደህ ትከሻህን ነቅንቀሃል? ከተማው ሁሉ የሚያወራው እውነት ነው?»

አዎ አልኋት።

«ሳታውቅ ነው በለኝ። ባክህ ሳታውቅ ነው በለኝ ወንድሜ፣ ለሰው እንዲያ እነግራለሁ።»

እያወቅሁ ነው አልኋት። ከሐሙስ ጀምሮ አውቃለሁ። ለሰውም እንዲያ ብለሽ ንገሪ። ቢተው እያወቀ ጨፈረ በይ።

የመታችኝ መስሎኝ ነበር፣ እጇ ተነሥቶ ነበር። ደረቷን መታችበት። መሪጌታ እኔም ነበርሁ አላት። ዞራ አየችው። አንተም? አለችው። እኔም አለ። መደቡ ላይ ተቀመጠች። አልቅሳ ጨረሰች፣ አፍንጫዋን ጠረገች። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣

«እኔ እኮ አልሰማሁትም» አለች። «እናንተ ወንዶቹ ቡና ቤት ትገባላችሁ። እኔ የት እሰማዋለሁ? ምን አለች?»

እኔ አሳድጌያታለሁ ትላለች ብርቄ፣ እውነቷን ነው። እናቷ ስትሞት ጡት የጣለችው በሷ ቤት ነው። እኔ ዘፈኑን ስፈልግ ብርቄም እንደምትፈልገው አንድ ቀን አላሰብሁ።

በልቅሶ ቤት አይዘፈንም። ስለዚህ ነገርኋት፣ እንደ ወሬ። አገርህ ደጋ ነው፣ ውርጭ ነው ማለዳው፣ አለች አልኋት። ጋቢ ብታካፍል ማንን ነው ሚጎዳው፣ አለች። ሁሉንም እስከ መጨረሻው ነገርኋት፣ ያለ ዜማ፣ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ። ብርቄ እያንዳንዱን በከንፈሯ ትከተለኛለች። ጋቢው ላይ ሳቅ አለች። «ባለጌ» አለች፣ «ያኔም ባለጌ ነበረች።» ወጣሁ የሚለው ላይ ፊቷን ሸፈነች። ነገም ንገረኝ ብላኝ ሄደች። ሰው ሲጠይቃት ምን እንደምትል አልነገረችኝም።

ከሄደች በኋላ መሪጌታን የፈራሁትን ነገርሁት። ቃሉን ይዣለሁ፣ ዜማው ግን እየሳሳብኝ ነው። ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የሰማሁት። ማንጎራጎር አልችልም፣ ዓመት ሙሉ በልቤ ብቻ ይዤው ልኖር ነው። ዛሬ ጠዋት መግቢያው ጠፍቶኝ እስከ ምሳ ፈለግሁት።

መሪጌታ «እኔ አልጠፋኝም» አለ።

የሱ ጆሮ እንዲያ ነው፤ አንድ ጊዜ የሰማውን አይለቅም። ለካ ጥጉ ላይ ፊቱን ሸፍኖ ይዞት ነበር። ከዚያ ቀይ ቀለሙን አወጣ። ቤተ ክርስቲያን ዜማ ሲጻፍ ከቃሉ በላይ የሚቀመጥ ምልክት አለ፤ ድምፁ የት እንደሚወጣ፣ የት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚሰበር የሚያሳይ። ለዘፈን አይጻፍም። ይህ ኃጢአት አይሆንብህም አልሁት። «ዋሽቻለሁ፣ ቡና ቤት ገብቻለሁ፣ ይህ ሦስተኛው ነው» አለኝ። ቅዳሜ ያስጻፍሁትን ስንኝ አውጥቶ፣ ድምፅ ሳያወጣ፣ በከንፈሩ ብቻ እያለ፣ ከያንዳንዱ ቃል በላይ ቀይ በቀይ አደረገው። እኔ አላነበው። የጉንዳን እግር ነው የሚመስለኝ። ልክ ነው ወይ አልሁት። ዓመቱ ሲደርስ ትሰማዋለህ አለኝ፣ ያን ጊዜ አዜምልሃለሁ።

ከቅዳሜ ጀምሮ ሳል ይዞታል፤ ያ መላጣውን የመታው የወገራ ብርድ ነው። አሁንም እየጻፈ ይስላል። ዓመቱ ሳይደርስ እንዳትሞት፣ እገልሃለሁ አልሁት። ሳቀ። ሳቁ ሲያበቃ ደግሞ ሳለ፣ ረጅም ሳል።

ነገ ብርቄ ስትመጣ ጤና አዳም አፍልታ እንድታጠጣው እነግራታለሁ። አልፈልግም ይላል። ይጠጣታል።